63 ሣጥን በ40 ደቂቃ

ያን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ርዝመቱ አራት መስመር ነው። «ክፍያውን የፈጸመው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ መሆኑን ለማረጋገጥ እንድንችል የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትና የእርስዎን መታወቂያ ፎቶ አንሥተው ይላኩልን» ይላል። የሞባይል ጨዋታ በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ በቅሬታ ክፍል እሠራ ነበር። ልጆች ወላጅ ሳያውቅ ያወጡት ገንዘብ ይመለስልን የሚል ቅሬታ ሲበዛብን አለቃዬ «ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ አዘጋጅ» አሉኝ፤ አዘጋጀሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ስምና ቀን ብቻ እየቀየርን ላክነው። አጭር፣ ጨዋና ሕጋዊ የሚመስል ስለነበር፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኮራበት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት የአንዲት እናት ቅሬታ ደረሰኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው በእርሳቸው ስልክ ሲጫወት በ40 ደቂቃ ውስጥ 63 ሣጥን ገዝቷል።

ሣጥኑ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ልጁ የሚገዛው ውስጡ ያለውን ሳያውቅ ነው። ሲከፍተው ብርሃን ይረጫል፣ ከበሮ ይመታል፣ ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ እርባና የሌለው ቆብ ወይም ጋሻ ይወጣል። እጅግ አልፎ አልፎ ደግሞ ልጆቹ ሁሉ የሚመኙት ወርቃማ ዘንዶ ብቅ ይላል። የዘንዶውን ዕድል የሚወስነው በእኛ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ አንድ ቁጥር ነው። የሎተሪ አዟሪ እንኳ ቢያንስ የገዢውን ፊት ያያል፤ እኛ ያንንም አናይም።

ክፍያው ደግሞ በገንዘብ ሳይሆን በአልማዝ ነው። አልማዝ በ500 ወይም በ1,200 ጥቅል ይሸጣል፤ የአንዱ ሣጥን ዋጋ ግን 180 ነው። ትንሹን ጥቅል የገዛ ልጅ ሁለት ሣጥን ከፍቶ 140 ይተርፈዋል፤ ለሦስተኛው 40 ጎደለው ማለት ነው። ይህ የሒሳብ ስሕተት አይደለም፤ ታስቦበት የተሠራ ነው። የእኛ ልጅ ትልቁን ጥቅል 10 ጊዜ ገዝቶ 660 አልማዝ ተርፎታል። የተረፈውም እናቱ ስልኩን ስለቀሙት ነው። እናትየው የይለፍ ቃላቸውን ያስገቡት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለመጀመሪያው ግዢ ነበር። መክፈያው ከዚያ በኋላ 15 ደቂቃ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ አዲስ ግዢ በተፈጸመ ቁጥርም 15 ደቂቃው እንደገና ከዜሮ ይቆጥራል።

ደብዳቤዬን ላክሁላቸው። ሰዓት ሳይሞላ መለሱልኝ፤ «ልጄ 10 ጊዜ ሲከፍላችሁ ማን ነህ ብላችሁ አልጠየቃችሁትም። እኔ ገንዘቤን ስጠይቅ ግን የልደት ምስክር ወረቀቱን ትፈልጋላችሁ። ወረቀቱ የት ይቀመጣል? ማን ያየዋል? መቼ ትሰርዙታላችሁ? ለሦስቱ መልስ ይስጡኝና እልካለሁ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ አይደል? ሴትየዋ ተረቱን አልጠቀሱም እንጂ ያሉት ይህንኑ ነው። ለመመለስ ተቀመጥሁ፤ አንዱንም መመለስ አቃተኝ። ወደ ኮምፒውተር ባለሙያችን ሄድሁና «ወላጆች የሚልኩልን ሰነድ የት ይገባል?» አልሁት። ሳቀ። ትንሽ ፈልጎ ሲያገኘው ግን ሳቁ ጠፋ።

ከ1,400 የሚበልጡ ፋይሎች በአንድ ቦታ ተከማችተዋል። የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርት፣ የትምህርት ቤት ውጤት ካርድ። አንዳንዱ ወላጅ እንድናምነው ብሎ ወረቀቱን ለልጁ አስይዞ ከነፊቱ ፎቶ አንሥቶታል። አንድም ፋይል ተሰርዞ አያውቅም። የሌሊቱን ቅሬታ በኮንትራት የሚሠራልን የውጭ ድርጅት ሠራተኞችም ሁሉንም መክፈት ይችላሉ። ገንዘብ ለመመለስ ብዬ የልጆች መዝገብ ቤት ከፍቼ ኖሯል።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። ሁሉም ሰው ልጆችን መጠበቅ እንዳለብን ይስማማል፤ መንገዱ ላይ ግን እንግዳ ነገር ተከሰተ። አንዱ ተጫዋቹ ሲመዘገብ መታወቂያ ይጠየቅ አለ። ሌላው በካሜራ ፊቱን አይቶ ዕድሜ የሚገምት ሶፍትዌር አቀረበ። ሦስተኛው ከሁሉም ባሰ፤ ልጅ ስክሪን የሚነካበት ፍጥነት፣ የሚጫወትበት ሰዓትና የሚሳሳተው ፊደል ተከማችቶ ቢጠና ማን ልጅ እንደሆነ ሳንጠይቅ እናውቃለን አለ። የተሰበሰብነው ስለ ልጆች ሰነድ መከማቸት ነበር፤ የቀረበው መፍትሔ ሁሉ ግን ተጨማሪ ክምችት ነው።

የሕግ አማካሪያችን ጣልቃ ገባች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ፎርትናይት የተባለው ጨዋታ ባለቤት ኤፒክ ጌምስ ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በ520 ሚሊዮን ዶላር መስማማቱን አስታወሰችን። ከዚያ ውስጥ 275 ሚሊዮኑ የልጆችን የግል መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ በመሰብሰብ የቀረበበት ክስ ቅጣት ነው። 245 ሚሊዮኑ ደግሞ አሳሳች በሆነ አሠራር ሳያስቡት ለገዙ ተጫዋቾች የሚመለስ ገንዘብ ነው። «ሁለቱ በአንድ ቀን ነው የታወጁት» አለች። «እናንተ አንዱን ለመሸሽ ወደ ሌላው እየሮጣችሁ ነው።»

አለቃዬ እጃቸውን ዘረጉ። «ታዲያ ልጁን ካላወቅነው እንዴት አድርገን ነው የምንጠብቀው?»

ጥያቄው ትክክለኛ ይመስል ነበር፤ እኔም መልስ አልነበረኝም። አንድ ሰው ቻይናን አነሣ። እዚያ ተጫዋች በእውነተኛ ስሙ እንዲመዘገብ ሲደረግ ልጆች በአዋቂ ስም መግባት ጀመሩ፤ ቴንሰንት የተባለው የጨዋታ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2021 በሌሊት የሚጫወቱ ሰዎችን ፊት ወደ መፈተሽ ገባ። ስሙ ሲያልቅ ፊት ተጠየቀ፤ ከፊት ቀጥሎ የሚጠየቀውን እንጃ።

ነገሩን የፈታችው ስብሰባው ውስጥ አንድም ቃል ያልተናገረች የሒሳብ ክፍል ባልደረባችን ናት። የሽያጭ መዝገቡን ገልጣ «በ40 ደቂቃ 63 ሣጥን ገዝቶ ደስ ብሎት የሚተኛ አዋቂ አለ?» ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰም። «እንግዲያውስ የገዢው ዕድሜ ለምን ያስፈልገናል? ገንዘብ መቀበያውን እናስተካክለው።»

ሁላችንም ልጁን ስናይ እርሷ የእኛን ካዝና አየች።

ከዚያ በኋላ የሠራነው ሥራ ረጅም ቢሆንም ለመናገር አጭር ነው። መግዣው ለማንኛውም ሰው ዝግ ሆኖ ይጀምራል፤ የሚከፍተው የካርዱ ባለቤት ራሱ ባወጣው የምስጢር ቁጥር ነው። ቁጥሩ ለእያንዳንዱ ግዢ ይጠየቃል፤ 15 ደቂቃ የሚባል ነገር ቀረ። የቀን ወጪ ጣሪያ አለው፤ ጣሪያውን ከፍ ማድረግ የሚፈልግ ሰው አንድ ሙሉ ቀን ይጠብቃል። ከሣጥኑ ሥር ዋጋው በአልማዝ ሳይሆን በገንዘብ ይጻፋል። ስልኩ ላይ ወላጅ ያበጀው መቆጣጠሪያ ካለ፣ ለእኛ የሚደርሰን «ይፈቀዳል» ወይም «አይፈቀድም» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው፤ የልደት ቀን አይመጣም።

ገንዘብ ለማስመለስ ደግሞ የደረሰኝ ቁጥር ይበቃል። ማጭበርበር ይበዛል የሚል ስጋት ነበር። ለዚህም የመጀመሪያውን ጥያቄ ያለ ምንም ወረቀት እንመልሳለን፤ በዚያው ቅጽበት ግን መግዣው ይቆለፋል፤ ባለካርዱ ካልከፈተው አይከፈትም። ሊያጭበረብር የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ዝግ በር ነው። በእውነት ልጁ ያስቸገረው ወላጅ ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ዝግ በር ነው።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። ሣጥኑ አልተነሣም። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 የገንዘብ ክፍያ የሚጠየቅባቸው እንዲህ ያሉ ሣጥኖች ቁማር ናቸው ብላ እንደወሰነች፣ አንዳንድ ጨዋታ አዘጋጆችም እዚያ እንዳነሧቸው ተከራክሬ ነበር፤ አለቃዬ ግን ዘንዶው የሚወጣበት ዕድል በመቶኛ እንዲጻፍ ብቻ ፈቀዱ። አሁን ሣጥኑ ላይ «0.6 በመቶ» ተብሎ ተጽፏል። ገና ክፍልፋይ ላልተማረ ልጅ ይህ ጌጥ ነው። በዚህ ጉዳይ እስካሁን አልተስማማንም።

ገቢም ቀነሰ። በወሩ መጨረሻ ቁጥሩ ሲነበብ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ የቀነሰው ገንዘብ የማን እንደነበር ሁሉም ያውቃል።

የፋይሉን ክምችት ከባለሙያው ጋር ሆነን ሰረዝነው። ከእኛ ኮምፒውተር ለማጥፋት አንድ ከሰዓት በቂ ነበር፤ የውጭው ድርጅት በእጁ ምንም ቅጂ እንደሌለ በጽሑፍ እስኪያረጋግጥልን ግን አምስት ሳምንት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ዲስኮርድ የተባለው የመልእክት መለዋወጫ፣ ለዕድሜ ጉዳይ የተላኩ ወደ 70,000 ተጠቃሚዎች የመታወቂያ ፎቶ የደንበኞች አገልግሎት በሚሰጥለት የውጭ ድርጅት በኩል ተጋልጦ ሊሆን እንደሚችል ሲያስታውቅ፣ ዜናውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እኛ ያመለጥነው ጥንቁቅ ስለሆንን አልነበረም።

እናትየውን ረስቻቸው አይደለም። ከስብሰባው በወጣሁበት ቀን ለሦስቱ ጥያቄዎች መልስ ጻፍሁላቸው፤ በአንድ ቦታ ተከማችቶ ይቀመጥ ነበር፣ የማይገባው ሰው ሁሉ ያየው ነበር፣ ተሰርዞ አያውቅም። ወረቀቱን እንዳይልኩ ለመንኋቸው፤ ገንዘቡ በሙሉ እንደሚመለስም ነገርኋቸው። እርሳቸውም አመስግነው አንድ ነገር ጨመሩ፤ «ልጄ የተረፉት 660 አልማዞች ይወሰዱብኝ ይሆን ወይ እያለ ነው።»

በደንቡ መሠረት መወሰድ ነበረባቸው። እኔ ግን ያን ቀን ለእርሳቸው ደንብ ለመጥቀስ አፍ አልነበረኝም።