አባቱ በስልክ፣ አጎቱ ጥጉ ላይ
እዚህ ሲድኒ የወንድሜን ልጅ የማሳድገው እኔ ነኝ። አባቱ አገር ቤት ቦክሰኛ ነበር፤ የቪዛው ነገር ዛሬ ነገ እየተባለ እስካሁን አልተሳካለትም። ልጁ ግን ቡጢውን ወርሷል፣ ሌላ ስፖርት አልገባለትም።

አባትየው የሚያሠለጥነው በቪዲዮ ነው። ስልኩን ኮዳ ላይ አስደግፈን ልጁ እጁን በፋሻ ይጠቀልላል፤ መጀመሪያ አውራ ጣት፣ ከዚያ አንጓ፣ ከዚያ በየጣቱ መሃል። ትንሽ ከላላ ወንድሜ እዚያ ሆኖ ያየዋል። "ፍታና እንደገና!" ይላል። ኔትወርኩ ሲቋረጥ የምጨርስለት ግን እኔ ነኝ፣ ጓንት አጥልቄ የማላውቀው ሰውዬ።

ለዚህ ነው የቦክሰኞቹ የእነ ዙ፣ የአባትና የልጅ፣ ነገር አንጀቴን የሚበላው። ኮስትያ ዙ እ.ኤ.አ. በ1991 እዚሁ ሲድኒ በዓለም አማተር ሻምፒዮና ወርቅ ወሰደና በቀጣዩ ዓመት ከሩሲያ ጓዙን ጠቅልሎ መጣ። በ2001 ዛብ ጁዳን በሁለተኛው ዙር ሲዘርረው የክብደቱ አንደኛ መሆኑን የሚጠራጠር አልቀረም። ልጁ ቲም እዚህ ተወለደ። በኋላ አባትየው ሩሲያ ተመለሰ፣ ቲም እዚሁ ቀረና አያቱ ቦሪስና አጎቱ ኢጎር አሠለጠኑት። ሕዝቡ የኮስትያን ልጅ ብሎ ሊያይ ይመጣ ነበር፣ ጥጉ ላይ፣ ቦክሰኛው በየዙሩ መሃል በሚያርፍበት፣ ለዓመታት ቁጭ ያለው ግን አጎቱ ነበር።

መጋቢት 2024 ላስቬጋስ ላይ ቲም ከሰባስቲያን ፈንዶራ ጋር ሲጋጠም እኛ ጋ እሁድ ከሰዓት ነበር፤ ወንድሜም በስልክ አብሮን ያያል። ፈንዶራ ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል። በሁለተኛው ዙር ቲም ጎንበስ ሲል የሰውየው ክርን ሳይታሰብ አናቱን ተረተረው። ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ያየውን የሚመታ አይመስልም ነበር። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ሳይታሰብ በደረሰ ጉዳት ፍልሚያው አራት ዙር ሳይሞላ ከቆመ አሸናፊም ተሸናፊም የለም፣ ቀበቶውም ከባለቤቱ ጋር ይቆያል፤ ባለቤቱ ደግሞ ቲም ነበር። እነ ኢጎር ግን አላስቆሙትም። 12ቱን ዙር ደም በደም ሆኖ ጨርሶ በነጥብ ተሸነፈ፣ ያውም ዳኞቹ ሳይስማሙ።

ወንድሜ ኢጎር የሚሰማው ይመስል "አስቁመው! አስቁመው!" እያለ ይጮሃል። ልጁ ደግሞ "አባዬ፣ ጀግና እኮ ነው!" ይላል። እኔ የማየው ኢጎርን ብቻ ነበር። ቦክሰኛ በቃኝ አይልም፣ የሚልለት ሰው ያስፈልገዋል፤ አባት ለገዛ ልጁ ሲወስን ሌላ ነው፣ አጎት ግን አደራ አለበት። ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ለወንድሜ ምን እላለሁ?

አሁን ለመጀመሪያ ውድድሩ እየተዘጋጀ ነው። ወንድሜን ቁርጡን ነገርኩት፦ "ካላማረኝ አንተንም እሱንም አልጠይቅም፣ አስቆመዋለሁ።" ትንሽ ዝም አለና "እንዳልክ" አለኝ። ልጁ አኩርፏል። ያኩርፍ፣ አሰልጣኙንም ቀድሜ አነጋግሬዋለሁ።