ሦስተኛው ኮምፕረሰር

ደብረ ማርቆስ ላይ የመኪና ኤሲ እሠራለሁ ስል «በዚህ ብርድ አገር ደግሞ ኤሲ ማን ያበራል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ከተማው ውስጥ እውነታቸውን ነው። ግን ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሁሉ ደጀንን ሲያልፍ ዓባይ በረሃ ይጠብቀዋል። ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ ድልድዩን ይሻገራል፣ ከዚያ ጭነት ከበዛበት ተሳቢ ኋላ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተተ ወደ ጎሃ ጽዮን ይወጣል። የኤሲ ልኩ የሚታወቀው እዚያ ዳገት ላይ ነው። ሞተሩ ግሏል፣ መኪናው ስለማይሮጥ ኮንደንሰሩን (ከፊት ያለውን የጋዝ ማቀዝቀዣ) የሚመታ ነፋስ የለም፣ ውጪው ይፋጃል። ማርቆስ ግቢ ውስጥ እጅ ያደነዝዝ የነበረ ኤሲ እዚያ ሲደርስ ጉዱ ይወጣል።

ባለፈው ክረምት አንድ የእህል ነጋዴ የ1991 ሞዴል ላንድክሩዘራቸውን ይዘው መጡ። ባለቤታቸው ደም ግፊት አለባቸው፤ የሐኪም ቀጠሯቸው አዲስ አበባ ነው፤ በረሃውን ባለፉ ቁጥር ይታመማሉ። ኤሲው በረሃው ውስጥ ሁለት ጊዜ ተነክሶ (ውስጡ ተጣብቆ) ቆሟል። መጀመሪያ የመኪናው የራሱ ኮምፕረሰር፣ ማለትም የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀው ክፍል፣ ሄደ፤ ሌላ ቦታ አስቀየሩት፤ የተቀየረውም ብዙ ሳይቆይ ቺንጊያውን እያጨሰ ደረቀ። አሁን ሦስተኛውን ከአዲስ አበባ ገዝተው በካርቶን ይዘውት መጥተዋል።

«ልጄ፣ ይሄን ብቻ ፈተህ ግጠምልኝ። ሌላውን አትነካካው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሁለቱ ለምን እንደሞቱ ሳላውቅ ሦስተኛውን ባስርልዎት ገንዘብዎን መጣል ነው።»

«ዕቃው ፎርጅድ ስለሆነ ነዋ! ሌላ ምን ይሆናል?»

ፎርጅድ ዕቃ በገበያው መሙላቱን አልክድም። ግን ሥራችን ላይ ትልቁን ጥፋት የሚያደርሰው ይህች መልስ ናት። ዕቃው ፎርጅድ ነው ከተባለ በኋላ ማንም ኮፈን ከፍቶ አይመረምርም። እሳቸውን አስቀምጬ ሻይ አስመጣሁላቸውና ፊታቸው እንድንፈታው ተስማማን።

የደረቀውን ኮምፕረሰር አውርደን ዘይቱን ነጭ ጨርቅ ላይ ገለበጥኩት። የወጣው በጣም ትንሽ ነው፤ ቀለሙ እንደ እርሳስ ግራጫ ሆኗል። ጨርቁን ወደ ብርሃን ሳዘነብለው የአሉሚኒየም ብናኝ ያብለጨልጫል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩት። ያ ብናኝ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ብቻ አይቀርም፤ ጋዙ ይዞት ይዞራል፤ ኮንደንሰሩ ውስጥ ይገባል፣ እርጥበት የሚመጠውን ድራየር ይሞላል፣ የጋዙን ፍሰት የሚመጥነውን የኤክስፓንሽን ቫልቭ ወንፊት ይደፍናል። አዲስ ኮምፕረሰር በዚህ መሃል ሲታሰር የመጀመሪያ ሥራው የሟቹን ብረት መዋጥ ይሆናል።

ሁለተኛው ለምን እንደሞተ በዚህ ተገለጠልኝ። የመጀመሪያውን የገደለው ግን ገና አልታወቀም። ሽቦ ሽቦውን እየተከተልኩ ስሄድ ድራየሩ አጠገብ ካለው ፕሬዠር ስዊች ደረስኩ። ሶኬቱ ከስዊቹ ተነቅሎ ሁለቱ ቀዳዳዎች በአንዲት ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተገናኝተዋል፤ በላዩ ጥቁር ናስትሮ ተጠምጥሟል። ናስትሮው አቧራ ጠጥቶ ደርቋል፤ የመጀመሪያው ኮምፕረሰር ከመሞቱ በፊት የተሠራ ነው። «ዳይሬክት» ተደርጓል፣ ማለትም ስዊቹ ታልፎ ኤሌክትሪኩ በቀጥታ እንዲሄድ ተደርጓል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልናገር። ያ ስዊች ዘበኛ ነው። ጋዙ ሲያልቅ ኮምፕረሰሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ክላች ያቋርጣል፤ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍም ያቋርጣል። ኤሲ ውስጥ ዘይቱን ይዞ የሚዞረው ጋዙ ነው። ጋዝ ሲጎድል ዘይት ወደ ኮምፕረሰሩ አይመለስም፤ ኮምፕረሰሩ ደረቅ ለደረቅ እየተፋጨ ይሠራል። «ኤሲው አልነሣ አለኝ» ሲሉ ስዊቹን ዳይሬክት አድርጎ ያስነሣላቸው ሰው ለዚያን ቀን አስደስቷቸው ይሆናል። ያደረገው ግን ዘበኛውን አስሮ በሩን መክፈት ነው።

ጋዙ ታዲያ የት ሄደ? ይህ የደጋ መኪና ሁሉ በሽታ ነው። ማርቆስ ላይ ኤሲ ለወራት አይበራም። የኮምፕረሰሩ ዘንግ ላይ ያለው ማኅተም (ጋዙ እንዳይወጣ የሚዘጋው ጎሚኒ) በዘይት ካልራሰ ይደርቃል፤ ከደረቀ ጋዙ ቀስ እያለ ያመልጣል። ባለቤቱ አያውቅም፣ ምክንያቱም አላበራውም። ከዚያ አንድ ቀን በረሃው መሃል፣ ዳገቱ ላይ፣ ሙቀቱ ሲያፍናቸው ቁልፏን ይጫናሉ።

ሌላም ነገር ነበር። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የተሞላው R-12 የሚባለው ጋዝ ነው። ያ ጋዝ የኦዞንን ሽፋን ስለሚያሳሳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ምርቱ እንዲቆም ተደርጓል፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ አዳዲስ መኪኖች R-134a የተባለውን ሌላ ጋዝ ይዘው መጡ። በእሳቸውም መኪና ላይ በኋላ የተሞላው R-134a ነው፤ ዘይቱና ድራየሩ ግን የቀድሞዎቹ ነበሩ። የR-12 ማዕድናዊ ዘይት ከR-134a ጋር አይዋሐድም። ወደ ውስጥ የሚገባውን አየር በሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር ሥር ይተኛል እንጂ ወደ ኮምፕረሰሩ አይመለስም። ጋዝ የጎደለበት፣ ዘይት የማይመለስለት፣ ዘበኛ የታሰረበት ኮምፕረሰር ነው እንግዲህ በረሃ የወረደው።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝ። ዋጋውን ስነግራቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ፤ አይፈረድባቸውም። ወጥተው ስልክ ደወሉ፣ ተመለሱና «በል እንግዲህ፣ ካየሁት በኋላ ምን እላለሁ» አሉ።

ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አጠብን። ኮንደንሰሩን ቀየርነው። የድሮው ዓይነት አንድ ረጅም ቧንቧ እየተጠማዘዘ የሚሄድበት ስለሆነ መታጠብ ይችል ነበር፤ ነገር ግን R-134a በሙቀት ጊዜ ከR-12 የበለጠ ግፊት ስለሚያነሣ ለበረሃው የሚሻለው በብዙ ቀጫጭን መስመሮች የሚከፋፈለው አዲሱ ዓይነት ነው። (ይሄኛው አንዴ ብናኝ ከገባበት አይታጠብም፣ ይጣላል።) ከክሩስኮቶው ሥር የኤክስፓንሽን ቫልቩን ስናወጣ ወንፊቱ በጥቁር ጭቃ ተደፍኗል። ጎሚኒዎቹን በሙሉ ለR-134a በሚሆኑት ለወጥን፣ ኤስተር ዘይት በልኩ ጨመርን፣ አዲሱን ፕሬዠር ስዊች በቦታው አሰርን። ድራየሩን መጨረሻ ላይ ነው ከላስቲኩ ያወጣሁት፤ ክፍት ከቆየ የክረምቱን እርጥበት ጠጥቶ ይጠግባል።

ቫኪዩም ስናደርግ፣ ማለትም ውስጡ ያለውን አየር በፓምፕ ስንመጥ፣ ልጁ፣ ረዳቴ፣ ደንግጦ ጠራኝ። «አለቃ፣ ፓምፑ ደክሟል መሰለኝ፤ ከ22 አላልፍ አለ።» የሥራ መመሪያው መጽሐፍ ከ29 እስከ 30 ኢንች ይላል። ፓምፑ ደህና ነው። የግፊት መለኪያው፣ ጌጁ፣ የሚለካው ውጪ ካለው አየር ጋር እያነጻጸረ ነው፤ በባሕር ጠለል የአየሩ ግፊት 30 ኢንች ሜርኩሪ ያህል ሲሆን ማርቆስ ላይ 22 ገደማ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ዝቅ ስለሚል 24 ያሳያል። ይህን ባለማወቅ ደህና ፓምፕ የሚጥል፣ የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ የሚውል ሰው አለ። በተቃራኒው ጋዝ ሲሞላ ጌጁ ከመጽሐፉ ሠንጠረዥ ከ3 እስከ 4 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ከፍ ብሎ ያነባል፤ ያንንም ቀንሶ ማሰብ ያስፈልጋል። ሌላው ብርዱ ነው። ውስጥ የቀረ ውኃ በቫኪዩም ፈልቶ እንዲወጣ ሙቀት ይፈልጋል፤ በማርቆስ ክረምት ቱቦው ስለሚቀዘቅዝ ይለግማል። ሞተሩን አስነሥተን ኮፈኑ ሥር ያለውን ሁሉ አሞቅነውና ፓምፑን ከሌላው ጊዜ ረዘም አድርገን ተውነው። ከዘጋነው በኋላ መርፌው ንቅንቅ አላለም።

ጋዙን በሚዛን ሞላን፤ ለR-12 ከተጻፈው ክብደት ከ80 እስከ 90 በመቶ መሃል። ባቀዘቀዘው መጠን እየገመቱ መሙላት ማርቆስ ላይ ያሳስታል፤ አየሩ ራሱ ቀዝቃዛ ነው።

በማግስቱ ጋሼን ይዤ በረሃው ወረድኩ። ክፍያውን ከዚያ በፊት አልተቀበልኩም። ቴርሞሜትሩን የአየር መውጫው ላይ ሰክቼዋለሁ። ወደ ጎሃ ጽዮን ሲሚንቶ ከጫነ ተሳቢ ኋላ ተሰልፈን ስንወጣ ትንሽ ከፍ አለና ቆመ፤ ከዚያ አላለፈም። ጋሼ መስኮቱን ሊከፍቱ እጃቸውን ሰደዱና መልሰው ተዉት።

ማርቆስ ስንመለስ ኮፈኑ ሥር የጋዙን ዓይነትና ክብደት፣ የዘይቱን ዓይነትና ቀኑን ጽፌ ለጠፍኩ፤ ነገ ሌላ ባለሙያ ቢከፍተው በግምት እንዳይሠራ። ጋሼ አነበቡትና ጠየቁኝ።

«እንዳይደርቅ ያልከኝ ነገርስ? በስንት ቀን ላብራው?»

«በሳምንት አንዴ፣ ለ10 ደቂቃ። ብርድም ቢሆን።»

«ክረምቱንም?»

«ክረምቱንማ በተለይ! ሙቀቱን ከኤሲው ጋር አብረው ይክፈቱት፤ የመስታወቱን ጉም ያነሣልዎታል።»