የአዲስ አበባን አዲስ ቤት ስትቆጥሩ ከዕጣው ቁጥር ተጠንቀቁ

አዲስ አበባ በየዓመቱ ስንት ቤት እንደምትጨምር ከመንግሥት አኃዝ ያወጣሁበትን መንገድ የምጽፈው፣ ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው እኔ በደከምኩበት ቦታ እንዳይደክም ነው።

መነሻው አያስቸግርም። የ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ለከተማዋ 628,984 ቤትና 662,728 ቤተሰብ መዝግቧል። በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ሕገ መንግሥቱ ያዘዘው ቆጠራ ከዚያ ወዲህ አልተካሄደም፤ ስለዚህ በዚያው ላይ አዲሱን ትደምራላችሁ፣ የፈረሰውን ትቀንሳላችሁ።

መከራው ኮንዶሚኒየሙ ነው። ሪፖርት ላይ «የተጠናቀቀ»፣ «ዕጣ የወጣበት» እና «የተላለፈ» የሚባሉት የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው፤ አንዱ ቤት በሦስት ዓመት ሦስት ጊዜ አዲስ ተብሎ ሊገባ ይችላል። በየካቲት 2011 ዕጣ የወጣባቸው ቤቶች 51,229 ነበሩ፤ 32,653ቱ የ20/80 (ገዢው 20 በመቶ ቆጥቦ ቀሪውን ባንክ የሚያበድርበት)፣ 18,576ቱ የ40/60። ይህን ቁጥር እንዳለ የ2011 አቅርቦት ማድረግ ስሕተት ነው። ዕጣ ባለቤቱን ይለያል እንጂ ግንባታው ማለቁን አይናገርም።

ሐምሌ 1 ቀን 2014 የወጣውን ደግሞ ተመልከቱ። 25,491 ቤት ዕጣ ወጣበት፣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ተሰረዘ፣ በ2015 እንደገና ወጣ። ሐምሌ 1 የ2015 በጀት ዓመት የመጀመሪያ ቀን ስለሆነ፣ ሁለቱም ዕጣዎች አንድ በጀት ዓመት ውስጥ ይወድቃሉ። ዜና እያነበበ የሚደምር ሰው ግን አንዱን በ2014፣ ሌላውን በ2015 ያስገባና ያልተሠራ ቤት ይፈጥራል።

ይህን በብሎክ ለማጣራት የጠየቅኩት መሥሪያ ቤት መልሱ «ሪፖርቱ ላይ አለ» ነበር። ሪፖርቱ ላይ ያለው ድምሩ ብቻ ነው። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ቤት ዝርዝሩ ለምን ለሕዝብ እንደማይወጣ ዛሬም አይገባኝም።

መፍትሔ ያልኩት ይኸውና፦ በሠንጠረዡ አንድ ረድፍ ለአንድ ብሎክ፤ ሳይት፣ የብሎክ ቁጥር፣ የስቱዲዮውና የባለ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት መኝታው ብዛት። ቀኑ አንድ ብቻ ይሁን፤ ቁልፍ የተሰጠበት። የብሎክ ቁጥር የሌለውን አኃዝ አታስገቡ።

በግል የሚሠራው ላይ፣ «የግንባታ ፈቃድን አንድ ዓመት አዘግይታችሁ እንዳለቀ ቤት ቁጠሩ» የሚለውን የተለመደ ምክር አልቀበልም። በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የመጠቀሚያ ፈቃድ (ያለቀ ሕንፃ አገልግሎት እንዲሰጥ የሚፈቅደው ወረቀት) የሚጠየቀው ለምድብ ሐ፣ ማለትም ለትልልቅና ለሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ነበር። ከሁለት ፎቅ በታች የሆነው መኖሪያ ቤት በዚያ አዋጅ ምድብ ሀ ስለነበረ፣ ማለቁን የሚያሳይ እንዲህ ያለ ወረቀት አልነበረውም። የግንባታ ፈቃዱ ራሱ የሚሰጠው ለሕንፃ ነው፤ ውስጡ ስንት መኖሪያ እንዳለ ከፕላኑ ካልተቆጠረ አይታወቅም።

የፈረሰውን በይዞታ (በግቢ) ብዛት አትቀንሱ። አንድ ግቢ ዋናውን ቤትና ኋላ የተደረደሩ ሰርቪሶችን ይይዛል፤ በየክፍሉ ሌላ ቤተሰብ ይኖር ይሆናል። ያገኛችሁት የይዞታ ብዛት ብቻ ከሆነ ውጤቱን «የተጣራ ጭማሪ» አትበሉት፤ «የተላለፈ ቤት» ብላችሁ ጻፉት፣ የፈረሰው አለመቀነሱንም እዚያው ከቁጥሩ ሥር ግለጹ።