ፓስወርዱ የሚከፍተው ዲስኩን ሳይሆን ቁልፉን ነው

የቢሮ ላፕቶፕ ሙሉ ዲስኩን ሉክስ በሚባለው የሊኑክስ የዲስክ መመስጠሪያ የቆለፍኩት ደሴ ላይ ኡቡንቱን (ሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) እንደ አዲስ ስጭን ነው። መጫኑ ዲስኩን ስለሚያጸዳው መጀመሪያ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ፤ እየከፈትኩም አረጋገጥኩ።

ብዙ ሰው ፋይሉን የሚቆልፈው ፓስወርዱ ራሱ ይመስለዋል። አይደለም። የሚቆልፈው ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ የሚያወጣው ዋና ቁልፍ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 512 ቢት ይሆናል። ይህ ቁልፍ ተመስጥሮ በዲስኩ ክፍል መጀመሪያ ላይ፣ ሄደር በሚባለው ቦታ ይቀመጣል። ማሽኑ ሲነሳ ፓስወርድ የሚጠይቀን ሳይመሰጠር የቀረው የቡት ክፍል (ማሽኑን የሚያስነሳው የዲስኩ ክፍል) ነው። የጻፍነው ፓስወርድ አርጎን2አይዲ በሚባል ስሌት ያልፋል። ስሌቱ ሆን ተብሎ ብዙ ራም (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) እንዲበላና ሁለት ሰከንድ ያህል እንዲፈጅ ተደርጓል። ለእኛ ሁለት ሰከንድ ምንም አይደለም፤ ሚሊዮን ፓስወርድ ለሚሞክር ሌባ ግን ከባድ ሸክም ነው። ከስሌቱ የሚወጣው ውጤት ዋናውን ቁልፍ ይፈታል። ቁልፉ ራም ውስጥ ይቀመጥና መረጃው በተነበበ ቁጥር ይፈታል፣ በተጻፈ ቁጥር ይመሰጠራል። ዲስኩ በአንድ ጊዜ ተፈትቶ አያልቅም።

ፓስወርድ መቀየር ሰከንዶች ብቻ የሚፈጀውም ለዚህ ነው፤ የሚቀየረው የቁልፉ መጠቅለያ እንጂ መረጃው አይደለም። ሉክስ 2 (የሉክስ ሁለተኛው ስሪት) እስከ 32 የፓስወርድ ቦታ ስላለው፣ ለሥራ ባልደረባዬ የራሱን ሰጠሁት።

ፓስወርዱን በአማርኛ ፊደል አታድርጉት። ማሽኑ ሲነሳ የግዕዝ ኪቦርድ ገና የለም፣ ፊደሉን የምትጽፉበት መንገድ አይኖርም። እኔ የላቲን ፊደልና ቁጥር ብቻ፣ ግን ረዘም አድርጌ ተጠቀምኩ።

ከሁሉ የምሰጋው ለሄደሩ ነው። ሌላ ሲስተም ሲጫን በስህተት ከተጻፈበት፣ ትክክለኛው ፓስወርድ በእጃችሁ ቢኖርም ዲስኩ አይከፈትም፤ ያኔ «አብሽር» ቢሉም ዋጋ የለው። ስለዚህ ዲስኩን እንደቆለፍኩ ሉክስን በሚያስተዳድረው ክሪፕትሴትአፕ በሚባል ፕሮግራም የሄደር ባክአፕ ፍላሽ ላይ ወስጄ፣ ፍላሹን ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት አስቀመጥኩ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የድሮ ባክአፕ በድሮው ፓስወርድ ይከፈታል። ፓስወርዱ በሌላ ሰው እጅ ገብቷል ብላችሁ ከቀየራችሁ፣ የድሮውን ባክአፕም አጥፉት።

ላፕቶፑ ስሊፕ ላይ ሲሆን ዋናው ቁልፍ ራም ውስጥ እንዳለ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ አውቶቡስ ስሳፈር ክዳኑን መክደን ብቻ አይበቃኝም፤ ሙሉ በሙሉ አጠፋዋለሁ።