የደበቅኩት እኔ፣ የጠፋብኝም እኔ

ዛሬ ከልጄ ጋር ቤት ውስጥ የዕቃ ፍለጋ ጨዋታ ተጫወትን። ትናንት ማታ እሷ ስትተኛ ነው ያዘጋጀሁት። 5 ዓመቷ ነው፤ ገና አታነብም። ስለዚህ ፍንጮቹን በሥዕል አደረግኳቸው። (ማቀዝቀዣው ቁም ሳጥን ነው የሚመስለው፣ ግን ይሁን።) መጀመሪያ ሽልማቱን ደበቅኩ። ከዚያ ፍንጮቹን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየተመለስኩ አስቀመጥኩ፤ እንዲህ ሲሆን ቅደም ተከተሉ አይምታታም። ሁሉንም እጇ በሚደርስበት ቦታ።

ጠዋት የመጀመሪያውን ጫማዋ ውስጥ አገኘችው። ጩኸቷን ብትሰሙት! ከዚያ ትራስ ሥር፣ ከዚያ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ... እኔ ከኋላ ከኋላ። 6ኛው ላይ ስንደርስ ቀጥ አልን። ሥዕሉ ወንበር ነው። የትኛው ወንበር? እኔም ረስቼዋለሁ። የት የት እንደደበቅኩ ወረቀት ላይ መያዝ ነበረብኝ።

"አባዬ፣ አንተም ፈልግ እንጂ!"

ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተንበርክከን ወንበር ለወንበር ዞርን። ያገኘችው እሷ ናት። መቀመጫው ሥር በፕላስተር ተለጥፏል፤ እኔ "እዚህ የለም" ብዬ ባለፍኩት ወንበር።

ሽልማቱ ባለቀለም እርሳስ ነበር። ገና ሳትከፍተው "አሁን እኔ ልደብቅ" አለች።

ይኸው ተኝታለች። የመኪናዬን ቁልፍ ግን እስካሁን አላገኘሁትም።