ወንዙን ተከትሎ፦ ከሱሉልታ ሜዳ እስከ ሎት ሸለቆ

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከአዲስ አበባ በአዲሱ ገበያ በኩል ወጥቶ የእንጦጦን ጋራ የሚሻገረው የጎጃም መንገድ ቁልቁል ወርዶ ሜዳውን በሚይዝበት አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ቤታችን አለ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ብስክሌቴን ይዤ ስወጣ ሯጮቹ በቡድን በቡድን ሆነው ውርጭ በመታው ሣር ላይ ያልፋሉ፤ እኔም ከባድ መኪኖች መንገዱን ሳይሞሉት ጫንጮ ደርሼ ለመመለስ እቸኩላለሁ። በዚህ መንገድ ብዙ ዓመት ነድቻለሁ። ሆኖም ስለ አገሬ መልክዓ ምድር አንድ ትልቅ ነገር የገባኝ እዚህ ሳይሆን፣ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በሎት ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ጓዜን በብስክሌት ጭኜ ስድስት ቀን ከተጓዝኩ በኋላ ነው።

ነገሩ ይህ ነው፤ ለእኛ ለደገኞች ወንዝ የምንሻገረው እንጂ የምንከተለው አይደለም። ከተማችን፣ እርሻችን፣ ደብራችን፣ የመኪና መንገዳችን ከላይ ከአምባው ላይ ነው፤ ወንዙ ያለው ከታች ነው። ከጫንጮ ወደ ደርባ የሄደ ሰው ሜዳው በድንገት ተገምሶ የሙገር ሸለቆ ከእግሩ ሥር ወለል ሲል ያያል። ጎሃ ጽዮን የደረሰም ዓባይን የሚያየው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ወደ ደጀን መውጣት ብቻ ነው። ሸለቆው ቆላ ነውና ሙቀቱና ወባው ሰውን ወደ ደጋው ሲገፉት ኖረዋል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ «ስንት ወንዝ ተሻግሬ መጣሁ» የሚል መንገደኛ ሞልቷል፤ «ወንዙን ይዤ መጣሁ» የሚል ግን እምብዛም አይገኝም። በሎትና በገባሩ በሴሌ ሸለቆ ያየሁት የዚህን ግልባጭ ነው።

ጉዞውን ያሰበው ቱሉዝ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። መስከረም ሲጋመስ ብስክሌቶቻችንን ይዘን በባቡር ከቱሉዝ ወደ ፊዣክ ሄድን። ዕቅዳችን ከፊዣክ የሴሌን ወንዝ ተከትለን ቡዚየስ አጠገብ ከሎት ጋር እስከሚቀላቀልበት ድረስ መውረድ፣ ከዚያም ሎትን ይዘን ካኦር መድረስ፣ ከካኦር ደግሞ በወይን እርሻዎቹ መካከል እስከ ፒዊ ሌቬክ ነድተን መመለስ ነበር። ሎት ከሴቬን ተራሮች ተነሥቶ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ እየተጠማዘዘ ይፈስና ከጋሮን ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ ወደ አትላንቲክ ይሄዳል። እኛ የነዳነው ከመካከሉ ጥቂቱን ክፍል ነው።

ፊዣክ የጥንቱን የግብጽ ሥዕላዊ ጽሕፈት ምሥጢር እ.ኤ.አ. በ1822 የፈታው ሻምፖሊዮን በ1790 የተወለደባት ከተማ ናት። በድንጋይ ቤቶች በተከበበች አንዲት ጠባብ አደባባይ ላይ ያንን ጽሕፈት ከግሪክኛ ጋር ጎን ለጎን የያዘው የሮዜታ ድንጋይ ቅጂ በእጅጉ ተልቆ፣ በጥቁር ድንጋይ ተቀርጾ፣ እንደ ምንጣፍ መሬት ላይ ተነጥፏል፤ ሰውም በላዩ ይራመዳል። ሻምፖሊዮን የጽሕፈቱን ቁልፍ እንዲያገኝ የረዳው የግብጽ ቤተ ክርስቲያን ቋንቋ የሆነውን ቅብጥኛ ጠንቅቆ ማወቁ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የግብጽን ጳጳሳት ታሪክ እየሰማሁ ላደግኩት ለእኔ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ከሁሉ በላይ ግን ያቆመኝ ሌላ ነው። ዋናው ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1799 የተገኘው ዓባይ ወደ ባሕር ከመግባቱ በፊት በሚያልፍባት በራሺድ ከተማ አጠገብ ነው። የእንጦጦ ጋራ ደግሞ የውኃ መክፈያ ነው። በደቡብ በኩል የዘነበው ዝናብ በአቃቂ አድርጎ ወደ አዋሽ ይገባና ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ላይ ይቀራል፤ በሰሜን በኩል በእኛ ሜዳ ላይ የዘነበው ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከሰፈሬ የሚነሣው ውኃ በዚያ ድንጋይ አገር በኩል እንደሚያልፍ ሳስብ ከጥቁሩ ድንጋይ ላይ ለመውረድ ጊዜ ወሰደብኝ፤ የአክስቴ ልጅ ብስክሌቶቹን ይዞ ዝም ብሎ ጠበቀኝ።

ከፊዣክ ከወጡ በኋላ መንገዱ ከወንዙ አይለይም። በአንድ በኩል ሴሌ በግራር ሳይሆን በረጃጅም የፖፕላር ዛፎች ተከልሎ ይፈስሳል፤ በሌላው በኩል ነጭና ቢጫ የኖራ ድንጋይ ገደል ቆሟል፤ በመካከሉ ባለችው ጠባብ መሬት ላይ የበቆሎ ማሳ፣ የዋልነት ዛፎች፣ ከዚያ ደግሞ መንደር ይመጣል። ከገደሉ በላይ ያለው አምባ ኮስ ይባላል። መጀመሪያ ላይ «እንዲህ ያለ ሰፊ ሜዳ ከላይ እያለ ሰው ለምን ከገደል ሥር ተጣብቦ ሰፈረ?» ብዬ ነበር፤ መልሱን ያገኘሁት ራሴ በሦስተኛው ቀን ወደ አምባው ወጥቼ ውኃ ሲጠማኝ ነው። ኮስ የኖራ ድንጋይ ነው። ዝናቡ በስንጥቁ ሰርጎ ይገባና በመሬት ውስጥ ዋሻ እየቦረቦረ ሄዶ ከሸለቆው ግርጌ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ከላይ የቀረው አጫጭር የባሉጥ ዛፍ፣ የድንጋይ ካብና በግ ብቻ ነው። የእኛ አምባ ግን ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በላዩ ያለው መረሬ አፈር ውኃውን አላሳልፍ ብሎ ይይዘዋል፤ የሱሉልታ ሜዳ በክረምት እንደ ሐይቅ የሚተኛውም ለዚህ ነው። በአንዱ አገር ውኃው ከታች ስለሆነ ሰውም ከታች ሰፈረ፤ በሌላው ከላይ ስለተገኘ ከላይ ኖረ። ይህን በመጽሐፍ አንብቤ ቢሆን ኖሮ እረሳው ነበር፤ በደረቀ ጉሮሮ የተማርኩትን ግን አልረሳም።

ስለ አቀበቱ ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ በደንብ ልናገር። ከመሄዴ በፊት ለራሴ ያልኩት «ሸለቆው ከባሕር በላይ 200 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ አምባው ቢበዛ 400 ነው፤ እንጦጦን ለሚወጣ ሰው ይህ ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ሳንባዬን በተመለከተ ልክ ነበርኩ። ሱሉልታ ላይ የምንስበው አየር የባሕር ዳርቻውን አየር ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ እዚያ ስወርድ ደረቴ የተከፈተ ያህል ተሰማኝ። እግሬን በተመለከተ ግን ተሳስቻለሁ። የእንጦጦ አቀበት ረጅም ነው፤ አንዴ ልክህን ይዘህ ከገባህበት እስከ ጫፉ በአንድ ዓይነት ትንፋሽ ያወጣሃል። የሎት አቀበቶች አጫጭር፣ ቀጥ ያሉና የማያልቁ ናቸው፤ አንዱን ጨርሰህ ወርደህ ላብህ ሳይደርቅ ሌላው ይቀበልሃል። ካርታው ይህን አስቀድሞ ይናገራል። በሚሽሊን ካርታ ላይ አንድ ቀስት ከ5 እስከ 9 በመቶ፣ ሁለት ቀስት ከ9 እስከ 13 በመቶ፣ ሦስት ቀስት ከዚያ በላይ የሆነ አቀበት ማለት ነው። በሁለተኛው ቀን ማታ ቀስቶቹን ሳልቆጥር አልተኛም ነበር።

ያዳነኝ አዲሱ ገበያ ያለ አንድ ጎሚስታ ነው። ግድግዳው ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈውን የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ የጽጋቡ ግርማይን ፎቶ የለጠፈ፣ ብስክሌት የሚወድ ሽማግሌ ነው። 18 ኪሎ ጭኜ እንደምሄድ ስነግረው የኋላውን ጥርስ በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «ልጄ፣ ይኼ ባዶህን ስትሄድ ነው። ጭነት ካለህ ትልቅ ጥርስ ከኋላ ያስፈልግሃል» አለኝ። «ጋሼ፣ አቀበት እኮ ለምጃለሁ» ብለውም አልሰማኝም፤ ከፊት ባለ 34፣ ከኋላም ባለ 34 ጥርስ አድርጎ ሠራልኝ። ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ጎማውም አንድ ዙር ይዞራል ማለት ነው፤ በአንድ ዙር የምትሄደው ሁለት ሜትር ከትንሽ ነው። ካብረሬ ከምትባለው መንደር ወደ ፔሽ ሜርል ዋሻ ስወጣ ከዚያ ሽማግሌ ጣት በቀር ያመሰገንኩት የለም።

ፔሽ ሜርል እ.ኤ.አ. በ1922 በሁለት ታዳጊዎች የተገኘ ዋሻ ነው። በውስጡ ሁለት ፈረሶች ጀርባ ለጀርባ ቆመው ተሥለዋል፤ አካላቸውና ዙሪያቸው በጥቁር ነጠብጣብ ተሞልቷል፤ ዕድሜያቸው 29,000 ዓመት ገደማ ነው። የቀኙ ፈረስ ራስ የተሣለው ድንጋዩ ራሱ የፈረስ ራስ መስሎ በተቆረጠበት ቦታ ላይ ነው። ሠዓሊው ቅርጹን ከድንጋዩ ውስጥ አይቶ ነው የጀመረው። በዙሪያቸው ቀለም በአፍ እየተነፋ የወጣ የእጅ ቅርጽ አለ። ሌላ ቦታ ደግሞ በደረቀ ጭቃ ላይ የልጅ እግር ዱካ ይታያል፤ ተረከዙም ጣቱም ይለያል። ስለ ፈረሶቹ ብዙ ተብሏል፤ እኔ ግን ከዋሻው ስወጣ ይዤ የወጣሁት ያንን ትንሽ ተረከዝ ነው።

በጉዞው ከሁሉ የከፋው ቀን ሰኞ ነበር። በእነዚያ መንደሮች ዳቦ ቤቱ ብዙ ጊዜ ሰኞ አይከፍትም፤ ሱቁም ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ይዘጋል። ይህን ሳናስብ ባዶ ሆድ ወጣን። ማርሲያክ ስንደርስ ፈርሶ በቆመው ገዳም ጥላ ሥር ተቀምጠን እናቴ «ይዘህ ሂድ፣ መንገድ ነው» ብላ ያሰረችልኝን በሶ በውኃ በጥብጠን ጠጣን። የፈረንሳይ መንደሮች የውኃ ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ በመቃብር ቦታ በር ላይ ይገኛል፤ መንገደኛ ሁሉ ከዚያ ይቀዳል። በዚያው መንገድ ስፔን ያለውን የቅዱስ ያዕቆብን መካን ሊሳለሙ የሚሄዱ እግረኞች ያልፉ ነበር፤ ጉዟቸው ከፊዣክ ተነሥቶ በሴሌ ሸለቆ አድርጎ ወደ ካኦር ይሄዳል። አቧራ የለበሰ ጫማቸውን ሳይ፣ በዚያው ሰሞን ወደ ግሸን የሚወጡት ዘመዶቻችን ፊቴ ላይ መጡ።

ወደ ሴን ሲር ላፖፒ ስንወጣ ደግሞ ብስክሌቴ ተበላሸ። መንደሯ ከሎት ወንዝ በላይ 100 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ገደል አፋፍ ላይ ናት። ከግማሽ በላይ ወጥቼ ማርሹን ወደ ትልቁ ጥርስ ስለውጠው ካቴናው ጥርሱን አልፎ ወደ ውስጥ ወደቀና በጥርሱና በራጂዎቹ መካከል ተቀረቀረ። ሻንጣዎቹን አውርጄ፣ ብስክሌቱን ገልብጬ፣ ካቴናውን በሁለት ጣት ይዤ ጎማውን ወደ ኋላ በቀስታ እያዞርኩ አንድ በአንድ አወጣሁት። ሁለት ራጂዎች ተፍቀዋል፤ ግን አልተቆረጡም። በአውሮፕላን ሲጫን የማርሹ ማንጠልጠያ በጥቂቱ ጎብጦ ኖሯል። ካቴናው ከጥርሱ እንዳያልፍ የሚገታውን መገደቢያ ብሎን ሩብ ዙር አጠብቄ፣ እጄን በሣር ጠርጌ ቀጠልኩ። ሻንጣ ጭኖ በአውሮፕላን ለሚሄድ ሁሉ ምክሬ ይህ ነው፤ የኋላውን ማርሽ ፍታና በጨርቅ ጠቅልለህ እሰረው።

ከመንደሯ ሥር፣ በቡዚየስ በኩል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከገደሉ ተፈልፍሎ የወጣ የእግር መንገድ አለ። ወይንና ሌላም ጭነት ወደ ቦርዶ የሚያመላልሱትን ጀልባዎች ሰዎች በገመድ ከዳር ሆነው የሚጎትቱበት ነበር። ብስክሌቶቹን አቁመን በእግራችን ሄድንበት። አለቱ ከራስ በላይ እንደ ጣሪያ ተቆልምሟል፤ ወንዙ ከክንድ ርቀት ላይ ነው። ያኔ ነው ወንዝ ራሱ መንገድ እንደሚሆን በዓይኔ ያየሁት።

የካኦር ከተማ የቫላንትሬ ድልድይ ሦስት ማማ አለው፤ ግንባታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1308 ነው። እንደ አፈ ታሪኩ ከሆነ፣ አናጺው ሥራው እንዲፋጠንለት ነፍሱን ለሰይጣን ሸጦ ኋላ «በወንፊት ውኃ ቅዳልኝ» ብሎ አሸነፈው ይላሉ። በአማርኛ ብነግረው ማንም ሳይጠይቀኝ የሚረዳው ተረት ነው።

ከተመለስኩ በኋላ የመንዳት ልማዴ ተለወጠ። አሁን ቅዳሜ ማለዳ ጎጃም መንገድን ትቼ ከሜዳው መካከል የሚሄደውን ትንሽ ጅረት እይዛለሁ። የእግር መንገዱ በበጋ ይደርቃልና ጎማው ይይዛል፤ ሰዎቹ ከብት ውኃ ሊያጠጡ ሲወርዱ «ወዴት ነው?» ይሉኛል፤ «ውኃው ወደሚሄድበት» እላቸዋለሁ። ጅረቱ መጀመሪያ ላይ አንድ እርምጃ የማይሞላ ነው፤ ከሌላው ጋር ሲገናኝ ይሰፋል፤ ባሕር ዛፉ ያበቃና መሬቱ ማዘቅዘቅ ይጀምራል። እስካሁን የደረስኩት ድንጋዩ ደረጃ ሠርቶ ውኃው ድምፅ ማሰማት እስከሚጀምርበት ድረስ ነው። የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት ይመጣል፤ አዲስ የፍሬን ጎማ አስገጥሜ፣ በሶውንም አስፈጭቼ እየጠበቅኩት ነው።