4 ጊጋባይት ራም

ዛሬ ቢሮ ውስጥ ሁለት ባልደረቦቼ የስልክ መተግበሪያ መሥሪያ በሆኑት በፍላተርና በሪአክት ኔቲቭ ጉዳይ አጥብቀው ሲከራከሩ ዋሉ። አንዱ የጉግልን ፍላተር ያወድሳል፤ እያንዳንዱን አዝራር ራሱ ስለሚስል መተግበሪያው በየስልኩ አንድ ዓይነት መልክ ይኖረዋል። ሌላው ፌስቡክ በ2015 እ.ኤ.አ. ክፍት ላደረገው ሪአክት ኔቲቭ ይሟገታል፤ ጃቫስክሪፕት የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለሚያውቅ ሰው የፍላተርን ቋንቋ ዳርትን እንደ አዲስ መማር አያስፈልገውም። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ዝም ብላ ስታዳምጥ የነበረችው ተለማማጃችን ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ የእኔ ላፕቶፕ ራሙ 4 ጊጋባይት ነው፤ የትኛው ይሠራልኛል?» አለችኝ። ክርክሩ ቆመ።

በሪአክት ኔቲቭ መሥራትን የሚያቀልለውን ኤክስፖ የተባለ መሣሪያ ጫንንላት። በስልኳ የኪውአር ኮዱን አነሳች፤ የጻፈችው ገጽ ስልኳ ላይ ተከፈተ። የርዕሱን ቀለም ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ለውጣ ፋይሉን ስታስቀምጥ ስልኩም አብሮ አረንጓዴ ሆነ። መልሳ ሰማያዊ አደረገችው። ደግማ አረንጓዴ። ማንም አልከለከላትም፤ እኔም ሥራዬን ትቼ አየኋት።

ፍላተርም ይህን ፈጣን እድሳት አሳምሮ ይሠራል፤ «ፍላተር ዶክተር» የተባለው ትእዛዙም የጎደለውን አንድ በአንድ ይነግራል፤ ይህን በጣም እወድለታለሁ። ነገር ግን ለአንድሮይድ ለመሥራት አስቀድሞ በርካታ ጊጋባይት ማውረድ ይጠይቃል፤ ኮምፒውተር ላይ ስልክን አስመስሎ የሚያሳየው የአንድሮይድ ኢሙሌተር ደግሞ እንዲህ ባለው ላፕቶፕ ላይ የሚታሰብ አይደለም። ብዙ ጀማሪዎቻችን የሚማሩት በአሮጌ ኮምፒውተርና በሞባይል ዳታ ነው።

በአማርኛ ትምህርት የምታዘጋጁ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ ከመጀመሪያው መስመር ላይ ስንት ራምና ስንት ጊጋባይት ዳታ እንደሚያስፈልግ ጻፉልን።